ግሪድ ሌይአውት የስልኩን ስክሪን እንዲሞላ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በሌሎች የጎጃም ከተሞች አፕ መሥራት ለጀመሩና ግሪዳቸው ስክሪን አልሞላ ላላቸው የተዘጋጀ፤ ምሳሌዎቹ 720 በ1600 ፒክስል ስክሪንና 320 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ቁጥር) ላለው ስልክ ናቸው።

ሳጥኖቹ ለምን ላይኛው ግራ ጥግ ላይ ተጨብጠው ይቀራሉ?

የአንድሮይድ ግሪድ ሌይአውት፣ ማለትም ሳጥኖችን በረድፍና በዓምድ የሚደረድረው መያዣ፣ ካልታዘዘ ሳጥን አይለጥጥም። ስፋትና ቁመት ያልተጻፈለት ሳጥን «ራፕ ኮንተንት» ተብሎ ይወሰዳል፤ መጠኑም በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ወይም ሥዕል ያህል ብቻ ይሆናል። ግሪዱ ራሱ ስክሪኑን ቢሞላ እንኳ ሳጥኖቹ ከላይ በግራ በኩል ተደርድረው ሌላው ቦታ ባዶውን ይቀራል።

መንስኤው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ግሪዱ ከወላጁ (ግሪዱን ከያዘው ውጫዊ መያዣ) የተወሰነ ቦታ አልተሰጠውም፣ ወይ ቦታው ተሰጥቶት ለየሳጥኑ ስንት እንደሚደርሰው አልተነገረውም። መሬት ሲከፈል መጀመሪያ የማሳው ወሰን ይታወቃል፣ ገመዱ የሚዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው። ግሪድም ወሰኑን የማያውቀውን ቦታ ማካፈል አይችልም። ከታች ካሉት መልሶች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው እዚህ ላይ ይመጣሉ።

ያልሞላው ግሪዱ ይሁን ሳጥኖቹ በምን ለይቼ አውቃለሁ?

ፈጣኑ መንገድ ቀለም ነው። ለግሪዱ ቀይ ጀርባ፣ ለሳጥኖቹ ቢጫ ጀርባ ስጡና አፑን ክፈቱ። ቀዩ ስክሪኑን ካልሸፈነ ችግሩ ከግሪዱ በላይ ነው፤ ወላጁን መርምሩ። ቀዩ ሸፍኖ ቢጫው ጥግ ላይ ከተኮማተረ የጎደለው የሳጥኖቹ ድርሻ ነው።

ቀለም መቀባት ካልፈለጋችሁ የስልኩን ሴቲንግ ከፍታችሁ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ንኩት። የዴቨሎፐር አማራጮች ይከፈታሉ፤ እዚያ ውስጥ «ሾው ሌይአውት ባውንድስ» የሚለውን ስታበሩ የእያንዳንዱ ሳጥንና የማርጂኑ (በሳጥኑ ዙሪያ የሚተወው ክፍተት) ጠርዝ በመስመር ይታያል። ኮዱን ሳይነኩ ስለሚሠራ በደንበኛ ስልክ ላይም ይጠቅማል።

ለሳጥኖቹ በትክክል ምን ምን ልጻፍ?

የእህል ዋጋ የሚያሳይ መነሻ ገጽ እንውሰድ፦ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ሽንብራና ኑግ፣ በ2 ዓምድና በ3 ረድፍ። ለግሪዱ ስፋቱንም ቁመቱንም «ማች ፓረንት» (የወላጁን ያህል) አድርጉ፤ «ኮለም ካውንት» 2፣ «ሮው ካውንት» 3 ይሁን። ከዚያ ለስድስቱም ሳጥኖች አንድም ሳይቀር አራት ነገር ጻፉ፦ ስፋት 0 ዲፒ፣ ቁመት 0 ዲፒ፣ «ሌይአውት ኮለም ዌይት» 1፣ «ሌይአውት ሮው ዌይት» 1። ዌይት የሚባለው ድርሻ ነው፤ ካልተጻፈ 0 ነው።

ስሌቱን ለማየት ያህል፦ ዲፒ የሚገኘው ፒክስሉ በ160 ተባዝቶ ለስልኩ ዲፒአይ ሲካፈል ነው፤ ስለዚህ የእኛ ስልክ 360 በ800 ዲፒ ይሆናል። ከ800ው ላይ ሰዓትና ባትሪ ለሚታዩበት መስመር 24፣ ለአፑ የርዕስ አሞሌ 56፣ ለታችኞቹ ሦስት ቁልፎች 48 ሲቀነስ 672 ዲፒ ይቀራል። ለሦስት ረድፍ ሲካፈል እያንዳንዱ ሳጥን 224 ቁመትና 180 ስፋት ያገኛል። በየሳጥኑ ዙሪያ 4 ዲፒ ማርጂን ካደረጋችሁ የሚታየው ክፍል 172 በ216 ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ግን ኮዱ ውስጥ አትጻፏቸው። የላይኛው መስመር ካሜራው ስክሪኑን በሚቦረቡርበት ስልክ ላይ ይሰፋል፤ የታችኛው በጣት በሚጠረግ ስልክ ላይ ይጠባል። ድርሻ ከተጻፈ ስልኩ ራሱ ያሰላዋል።

ስፋቱ የግድ 0 ዲፒ መሆን አለበት? ራፕ ኮንተንት ብተወውስ?

ስክሪኑ ይሞላል፤ ዓምዶቹ ግን እኩል አይሆኑም። ግሪዱ መጀመሪያ እያንዳንዱ ዓምድ ይዘቱ የሚፈልገውን ስፋት ይሰጠዋል፣ በድርሻ የሚያካፍለው የተረፈውን ብቻ ነው። አንዱ ዓምድ ላይ «የአዴት ነጭ ጤፍ»፣ ሌላው ላይ «ኑግ» ከተጻፈ ባለ ረጅሙ ጽሑፍ ዓምድ አስቀድሞ ብዙ ወስዶ በላዩ ላይ ግማሹን ትርፍ ይጨምርበታል። 0 ዲፒ ስትጽፉ ሁሉም ከዜሮ ስለሚነሳ ክፍፍሉ ትክክል ይመጣል።

ድርሻ ሰጥቼ ሳለ አንዱ ዓምድ አልለጠጥ ብሏል። ለምን?

በዚያ ዓምድ ውስጥ ድርሻ ያልተጻፈለት አንድ ሳጥን አለ። አንድ ዓምድ እንዲለጠጥ በውስጡ ያሉት ሁሉ ድርሻ ወይም ግራቪቲ (ሳጥኑ በቦታው ውስጥ ወዴት እንደሚጠጋ ወይም እንደሚለጠጥ የሚናገር መመሪያ) ሊኖራቸው ይገባል፤ አንዱ ብቻ ከጎደለው ዓምዱ በሙሉ ግትር ይሆናል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በኋላ የተጨመረ ርዕስ ወይም ክፍተት ለመፍጠር የገባ «ስፔስ» ነው። አንዱን ሳጥን ከሌላው ኮፒ ስታደርጉ የአንዱ መስመር መውደቁም የተለመደ ነው። ለረድፍም ደንቡ ያው ነው።

ይህ ደንብ ለጥቅምም ይውላል። ከላይ የአምዶችን ስም የሚይዝ ረድፍ እንዳይለጠጥ ከፈለጋችሁ የረድፍ ድርሻውን አትጻፉለት፤ ሌሎቹ ረድፎች ሲሰፉ እሱ ባለበት ይቀመጣል።

«ግራቪቲ ፊል» ብዬ ጽፌ የመጨረሻው ረድፍ ብቻ ቦታውን ሁሉ ወሰደው። ምን ልሥራ?

ግራቪቲ ሳጥኑ ሊለጠጥ እንደሚችል ይናገራል እንጂ ስንት እንደሚደርሰው አይናገርም። ግሪዱ ለማን መስጠት እንዳለበት ሲጠፋው ወደ ቀኝና ወደ ታች ላሉት ያደላል፤ አሠራሩ እንዲያ ነው። ድርሻ ጻፉለት፤ ሚዛኑ ይስተካከላል።

ዓምዶቹ እኩል ባይሆኑስ? ለምሳሌ የአውቶቡስ ወንበር መምረጫ?

ድርሻ የፈለጋችሁት ቁጥር፣ ነጥብ ያለውም ጭምር፣ ሊሆን ይችላል። ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባ አውቶቡስ በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት ወንበር፣ በመሀል መተላለፊያ አለው እንበል። 5 ዓምድ ያስፈልጋል፤ ድርሻው 2፣ 2፣ 1፣ 2፣ 2 ይሁን። ድምሩ 9 ስለሆነ ከ360 ዲፒ ላይ አንድ ድርሻ 40 ዲፒ ነው፤ ወንበሩ 80፣ መተላለፊያው 40 ያገኛል። ለመተላለፊያው በየረድፉ «ስፔስ» አስገቡና ድርሻ 1 ስጡት።

ችግሩ የሚመጣው የኋላው ረድፍ ላይ ነው። እዚያ መተላለፊያ የለም፤ 5 ወንበር ጎን ለጎን ይደረደራል። አምስተኛውን ወንበር በመሀለኛው ዓምድ ውስጥ ካስገባችሁት 40 ዲፒ ላይ ይጠባል፤ ለጣት ምቹ የሚባለው ትንሹ መጠን ደግሞ 48 ዲፒ ነው። ድርሻውን ብታሳድጉት መተላለፊያው በሙሉ ከላይ እስከ ታች ይሰፋል፤ የአንድ ዓምድ ስፋት ለሁሉም ረድፍ አንድ ነውና። መፍትሔው የኋላውን ረድፍ ከግሪዱ አውጥቶ ከሥሩ በአግድም ሊኒየር ሌይአውት (ሳጥኖችን በአንድ መስመር የሚደረድር መያዣ) መሥራት ነው፤ እያንዳንዱ ወንበር 72 ዲፒ ይደርሰዋል።

አንድ ሳጥን ሁለት ዓምድ እንዲሸፍን ስፈልግስ?

«ሌይአውት ኮለም ስፓን» 2፣ ስፋት 0 ዲፒ፣ ድርሻውንም 2 አድርጉት። ስፓኑን ጽፎ ድርሻውን ወይም «ፊል ሆሪዞንታል» ግራቪቲውን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ያን ጊዜ ሳጥኑ ሁለት ዓምድ ይይዛል፣ ነገር ግን አንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ስፓኑ ከኮለም ካውንት እንዳይበልጥም ተጠንቀቁ፤ አፑ ሲከፈት ይዘጋል።

በእኔ ስልክ ይሞላል፣ በድሮ ስልክ ግን አይሞላም። ለምን?

ግሪድ ሌይአውት የመጣው በአንድሮይድ 4.0 (ኤፒአይ 14፤ ኤፒአይ የአንድሮይዱ ስሪት ለአፕ ሠሪ የሚታወቅበት ቁጥር ነው) ነው፤ ድርሻ ግን የተጨመረለት በአንድሮይድ 5.0 (ኤፒአይ 21) ነው። ከዚያ በታች ባለ ስልክ ላይ የድርሻው መስመር ምንም ስሕተት ሳያሳይ ይታለፋል።

ለእነዚህ ስልኮች የአንድሮይድኤክስን ግሪድ ሌይአውት ላይብረሪ፣ ስሪት 1.0.0፣ ጨምሩ። እዚህ ላይ ሰው ሰዓታት የሚያባክንበት አንድ ነገር አለ፦ የላይብረሪው ግሪድ የራሱን መመሪያዎች፣ ኮለም ካውንትን፣ ሮው ካውንትን፣ የዓምድና የረድፍ ድርሻን፣ የሚያነበው «አንድሮይድ» በሚል መነሻ ሳይሆን «አፕ» በሚል መነሻ ሲጻፉ ነው። ስፋት፣ ቁመትና ማርጂን ግን እንደ ድሯቸው በ«አንድሮይድ» ይቆያሉ። ገጹ በሚጻፍበት የኤክስኤምኤል ፋይል ውስጥ የግሪዱን ስም (ታጉን) ብቻ ቀይሮ መነሻውን የረሳ ሰው ሳጥኖቹ በሙሉ ጥግ ላይ ተጨብጠው ያገኛቸዋል።

ስክሮል ቪው ውስጥ ሳስገባው ሳጥኖቹ ጠፉ። የት ሄዱ?

ስክሮል ቪው (ይዘቱን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትት መያዣ) ልጁን፣ ማለትም በውስጡ ያለውን፣ ሲለካ «ቁመትህ ወሰን የለውም» ይለዋል። ወሰን ከሌለ ትርፍ የሚባል ነገር የለም፤ ትርፍ ከሌለ ድርሻ ምንም አያመጣም። ቁመታቸው 0 ዲፒ የተባሉት ሳጥኖች ያው ዜሮ ላይ ይቀራሉ። አልጠፉም፤ ቁመት የላቸውም።

ለስክሮል ቪው «ፊል ቪውፖርት» የሚለውን ትሩ አድርጉ። ያን ጊዜ ይዘቱ ከስክሪኑ ካነሰ ስክሮል ቪው የስክሪኑን ቁመት እንደ ወሰን ሰጥቶ እንደገና ይለካዋል፣ ድርሻውም ይሠራል። ነገር ግን ቁመቱን 0 ዲፒ ላይ ከተዋችሁት በትንሽ ስክሪን ላይ ሳጥኖቹ ይጨመቃሉ እንጂ ስክሮል አይጀመርም። ስለዚህ ስክሮል ውስጥ ላለ ግሪድ የተሻለው ቁመቱን ራፕ ኮንተንት፣ ትንሹን ቁመት፣ ማለትም «ሚን ሃይት»ን፣ 96 ዲፒ፣ የረድፍ ድርሻውን 1 ማድረግ ነው። ሰፊ ስልክ ላይ ተለጥጦ ይሞላል፤ ጠባብ ስልክ ላይ ከ96 ሳይወርድ ስክሮል ይደረጋል።

ሳጥኖቹ ብዙ ከሆኑስ? የፊደል ገበታ መሥራት እፈልጋለሁ።

ከአንድ ስክሪን የሚያልፍ ነገር ለግሪድ ሌይአውት አይመችም፤ ሁሉንም ሳጥን በአንድ ጊዜ ስለሚፈጥር ደካማ ስልክ ላይ ይንቀራፈፋል። ሪሳይክለር ቪውን (የሚታዩትን ሳጥኖች ብቻ ፈጥሮ መልሶ መላልሶ የሚጠቀም መያዣ) ከግሪድ ሌይአውት ማኔጀር ጋር ተጠቀሙ። የፊደል ገበታ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7 ዓምድ፣ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» 33 ረድፍ፣ በድምሩ 231 ሳጥን ነው። ስፓን ካውንቱ (የዓምዱ ቁጥር) 7 ይሁን። ስፋቱን ማኔጀሩ ራሱ ያካፍላል፦ 360 ለ7 ሲካፈል 51.4 ዲፒ። እዚህ ላይ በግራና በቀኝ 16 ዲፒ ፓዲንግ (ከጠርዝ ወደ ውስጥ የሚተው ክፍተት) ማድረግ ያምራል፤ ግን 328 ለ7 ሲካፈል 46.9 ይመጣና ከ48 ያንሳል። ጣቱ ገና ላልጠነከረ ሕፃን የሚሠራ አፕ ከሆነ ፓዲንጉን ወደ 8 ዝቅ አድርጉት፤ 49.1 ታገኛላችሁ።

ቁመቱ ላይ ድርሻ የሚባል መመሪያ የለም፤ ራሳችሁ ታሰሉታላችሁ። 33 ለ11 እኩል ስለሚካፈል በአንድ ስክሪን 11 ረድፍ ብታሳዩ ገበታው ሦስት ሙሉ ስክሪን ይሆናል፣ ረድፍ በግማሽ አይቆረጥም። «ኦን ክሪኤት ቪውሆልደር» (ሳጥኑ የሚፈጠርበት የኮዱ ክፍል) ውስጥ የወላጁን የተለካ ቁመት ውሰዱ፣ የላይና የታች ፓዲንጉን ቀንሱ፣ ለ11 አካፍሉ፣ የሳጥኑን ማርጂን ቀንሳችሁ ለሳጥኑ ቁመት ስጡት። 672 ለ11 ሲካፈል 61 ዲፒ ገደማ ነው። በፒክስል 1344 ለ11 ሲካፈል 122 ደርሶ 2 ፒክስል ይተርፋል። ከታች ቀጭን መስመር ሆኖ እንዳይታይ የሪሳይክለር ቪውን ጀርባ ከሳጥኑ ቀለም ጋር አንድ አድርጉ።

ሁለት ነገሮች ይህን ያበላሻሉ። አንደኛ፣ ሪሳይክለር ቪው ራሱ ቁመቱ ራፕ ኮንተንት ከሆነ በዚያ ሰዓት ገና ስላልተለካ 0 ሊመልስ ይችላል፤ ማች ፓረንት ይሁን። ሁለተኛ፣ የሳጥኑን ኤክስኤምኤል ስታነቡ ወላጁን በመስጠት ፈንታ «ነል» (ባዶ) ካላችሁ በሳጥኑ ላይ የጻፋችሁት ስፋትና ቁመት በሙሉ ይጣላል። በ«ኢንፍሌት» ትእዛዙ ውስጥ ወላጁን ስጡ፣ ሦስተኛውን ግቤት ደግሞ «ፎልስ» በሉ።

በጄትፓክ ኮምፖዝ እንዴት ነው?

ኮምፖዝ ገጹን በኤክስኤምኤል ፈንታ በኮትሊን ኮድ የሚሠራበት የአንድሮይድ መንገድ ነው። የሳጥኑ ቁጥር ትንሽና የታወቀ ከሆነ የሚቀለው ኮለም ውስጥ ሮው ማስገባት ነው። ለኮለሙ «ፊል ማክስ ሳይዝ»፣ ለእያንዳንዱ ሮው «ዌይት» 1፣ በሮው ውስጥ ላለ እያንዳንዱ ቦክስ «ዌይት» 1 እና «ፊል ማክስ ሃይት»። የመጨረሻውን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ሲረሳ ሳጥኑ ስፋቱን ይሞላል፣ ቁመቱ ግን ጽሑፉን ያህል ይቀራል።

ለፊደል ገበታው ሌዚ ቨርቲካል ግሪድ በ«ፊክስድ» 7 ዓምድ ተጠቀሙ፤ ቁመቱን ለማግኘት «ቦክስ ዊዝ ኮንስትሬንትስ» ውስጥ አስገቡትና «ማክስ ሃይት»ን ለ11 አካፍሉ። በረድፎች መካከል 4 ዲፒ ክፍተት ካለ 11 ረድፍ 10 ክፍተት ስላለው መጀመሪያ 40 ቀንሱ፤ 632 ለ11 ሲካፈል 57.5 ገደማ ይመጣል። ሌዚ ግሪድን ቨርቲካል ስክሮል ባለው ኮለም ውስጥ ካስገባችሁት አፑ «ቁመቱ ወሰን የለውም» በሚል ስሕተት ይዘጋል። የስክሮል ቪው ጉዳይ እዚህም መጣ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ኮምፖዝ ዝም ብሎ አያልፍም።

በፍላተር (የጉግል የአፕ መሥሪያ) ግሪድቪው ለምን ሁልጊዜ አራት ማዕዘኑ እኩል ይሆናል? ከታችም ባዶ ይተርፋል።

የ«ቻይልድ አስፔክት ሬሺዮ» (የሳጥኑ ስፋት ለቁመቱ ሲካፈል) መነሻ ዋጋ 1 ስለሆነ ነው፤ ቁመቱ ከስፋቱ ጋር እኩል ይወጣል። የእህሉን ገጽ በ2 ዓምድና በ8 ክፍተት ብትሠሩት ሳጥኑ 176 በ176 ይሆናል፤ ሦስቱ ረድፍ ከሁለት ክፍተት ጋር 544 ይወስድና ከ672ው ላይ 128 ባዶ ይቀራል።

«ሌይአውት ቢልደር» ውስጥ አስገቡትና ሬሺዮውን አስሉ። ስፋት፦ 360 ሲቀነስ 8፣ ለ2 ሲካፈል 176። ቁመት፦ 672 ሲቀነስ 16፣ ለ3 ሲካፈል 218.67። 176 ለ218.67 ሲካፈል 0.805 ነው። ከዚህ የሚቀለው ሬሺዮውን ትቶ 218.67ን «ሜን አክሲስ ኤክስቴንት» ላይ መስጠት ነው፤ ቁመቱን በቀጥታ ይናገራል። በአሥርዮሽ ልዩነት ምክንያት ገጹ በትንሹ ከፍ ዝቅ እንዳይል «ኔቨር ስክሮለብል ስክሮል ፊዚክስ» ጨምሩበት።

ሁሉንም በትክክል አስልታችሁ የመጨረሻው ረድፍ አሁንም ከተቆረጠ ፓዲንጉን ተመልከቱ። ግሪድቪው ፓዲንግ ካልተጻፈለት ለስልኩ የላይና የታች መስመሮች የሚሆን ክፍተት በራሱ ሊጨምር ይችላል። «ኤጅ ኢንሴትስ ዜሮ» ብላችሁ ጻፉለት።

የአማርኛው ጽሑፍ ሳጥኑ ውስጥ ይቆረጣል ወይም ከላይ ይላጫል። ምን ይደረግ?

መቆረጡ ከስፋት የሚመጣ ነው። አንድሮይድ መስመር የሚሰብረው ክፍተት ባለበት ነው፤ ቃሉ ከሳጥኑ ከረዘመ ግን ፊደል መሀል ላይ ይሰብረዋል። «ፍኖተሰላም» ተጋጥሞ ከተጻፈ ጠባብ ሳጥን ላይ «ፍኖተሰላ» ብሎ «ም» ታች ሊወርድ ይችላል፤ «ፍኖተ ሰላም» ከተባለ በሁለት መስመር አምሮ ይቀመጣል። ሁለት መስመር ፍቀዱ፣ ከአንድሮይድ 8.0 (ኤፒአይ 26) ጀምሮ ባለው የጽሑፍ ራስ-መጠን ደግሞ ትንሹን 12፣ ትልቁን 18 ኤስፒ (ከስልኩ የጽሑፍ መጠን ጋር የሚያድግ ዲፒ) አድርጉ። ራስ-መጠን ራፕ ኮንተንት ከሆነ ሳጥን ጋር በደንብ አይሠራም፤ 0 ዲፒና ድርሻ ካለው ጋር ግን ይስማማል።

የፊደሉ አናት መላጨት ሌላ ነው። ለአፑ የመረጣችሁት ፎንት ግዕዝ ከሌለው ስልኩ የግዕዙን ፊደል ከራሱ ፎንት ያመጣል፤ የመስመሩ ቁመት ግን በላቲኑ ፎንት ሊለካ ይችላል። ከአንድሮይድ 9 (ኤፒአይ 28) ጀምሮ «ፎልባክ ላይን ስፔሲንግ» የሚባለው ይህን ያስተካክላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ግዕዝ ያለው ፎንት፣ ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ከአፑ ጋር ማስገባት ነው፤ በሁሉም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ይሆናል።

በመጨረሻም የስልኩን የጽሑፍ መጠን ወደ ትልቁ አድርሳችሁ ሞክሩ። አንድሮይድ 14 እስከ 200 በመቶ ያሳድጋል። ዓይናቸው የደከመ እናቶችና አባቶች ስልኩን የሚይዙት በዚያ መጠን ነው፤ ሳጥኑ እነሱ ዘንድ ካልተነበበ ስክሪን መሙላቱ ጥቅም የለውም።

የታችኛው ረድፍ በስልኩ ቁልፎች ሥር ይገባል። ድሮ እንዲህ አልነበረም።

አፑ ኤፒአይ 35ን ዒላማ ካደረገ በአንድሮይድ 15 ስልክ ላይ መስኮቱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይዘረጋል፤ የላይኛውና የታችኛው መስመር የአፑ መሬት ሆነዋል ማለት ነው። ግሪዱ የእነዚህን መስመሮች ቦታ ጭምር ያካፍልና የታችኛው ረድፍ ከቁልፎቹ ሥር ይውላል። በኤክስኤምኤል «ዊንዶው ኢንሴትስ»ን (የስልኩ መስመሮች የሚይዙትን ቦታ ልክ) ተቀብላችሁ ለግሪዱ ወላጅ ፓዲንግ አድርጉት። በኮምፖዝ ስካፎልድ የሚሰጠውን ፓዲንግ ተጠቀሙ፣ በፍላተር «ሴፍ ኤሪያ» ውስጥ አስገቡ። 48 ብሎ በእጅ መጻፍ በሌላ ስልክ ላይ ያሳፍራል።

ስልኩ ወደ ጎን ሲዞርስ?

2 በ3 የነበረው 3 በ2 ይሁን። የዓምድና የረድፉን ቁጥር በኢንቲጀር ሪሶርስ (ከኮዱ ውጭ በፋይል የሚቀመጥ ቁጥር) አስቀምጡና በ«ቫልዩስ ላንድ» ፎልደር ውስጥ ገልብጣችሁ ጻፉት፤ ለታብሌት «ቫልዩስ ኤስደብልዩ 600 ዲፒ» አለ። ሲዞር የሚቀረው ቁመት 280 ዲፒ ገደማ ነው፤ ለ3 ረድፍ 93፣ ለ2 ረድፍ 140 ይደርሳል። አፑን ቁም ብቻ እንዲሆን መቆለፍ ለታብሌት ዘላቂ መፍትሔ አይደለም፤ ኤፒአይ 36ን ዒላማ ያደረገ አፕ በአንድሮይድ 16 ላይ ጠባቡ ጎኑ 600 ዲፒና ከዚያ በላይ በሆነ ስክሪን ይህ ቁልፍ አይከበርለትም።

አንዱን ሳጥን ስደብቀው ቀዳዳው ይቀራል። እንዴት ልዝጋው?

«ጎን» (gone፣ የለም ማለት ነው) የተደረገ ሳጥን መጠኑ ዜሮ ይሆናል እንጂ ተራው አይሰረዝም። በዓምዱና በረድፉ ሌሎች ሳጥኖች ስላሉ ቦታው ባዶ ሆኖ ይቆያል። ሳጥኑን ከግሪዱ ላይ አውጡት፤ ረድፍና ዓምድ በቁጥር ካልጻፋችሁላቸው ሌሎቹ ራሳቸው ይጠጋሉ። ከስድስት አምስት ሲቀር የመጨረሻውን ስፓኑንም ድርሻውንም 2 አድርጉት፤ የታችኛው ረድፍ ሙሉ ይሆናል።

የኢትዮጵያ ዘመን መቁጠሪያ እየሠራሁ ነው፤ የረድፉ ቁጥር ከወር ወር ይለዋወጣል። ቁመቱን በምን ላካፍል?

ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉት ወሮች ሁሉም 30 ቀን ስለሆኑ ስሌቱ ከፈረንጁ ይቀልላል። ወሩ ከሚጀምርበት ቀን በፊት ያሉትን ባዶ ሳጥኖች ቁጠሩ፣ 30 ደምሩ፣ ለ7 አካፍሉና ወደ ላይ አጠጋጉ። ባዶው ከ0 እስከ 5 ከሆነ ውጤቱ 5 ረድፍ ነው። 6 ከሆነ ብቻ 36 ሳጥን ስለሚያስፈልግ 6 ረድፍ ይሆናል። ሳምንቱን ከእሑድ የምትጀምሩ ከሆነ ይህ የሚሆነው ወሩ ቅዳሜ ሲገባ ነው፤ ከሰኞ የምትጀምሩ ከሆነ እሑድ ሲገባ ነው። 30 ለ7 ሲካፈል 2 ስለሚተርፍ ተከታዩ ወር ሁልጊዜ በሁለት ቀን ፈቀቅ ብሎ ይገባል፤ ስሌታችሁ ትክክል መሆኑን በዚህ ፈትሹት።

ቁመቱን በየወሩ ለ5 ወይም ለ6 ብታካፍሉ ስክሪኑ ሁልጊዜ ይሞላል፤ ግን ተጠቃሚው ከወር ወር ሲጠርግ ሳጥኖቹ በቁመት ይዘላሉ፣ ዓይንም ይረበሻል። የቀን ስሞቹን ረድፍ ያለ ድርሻ 32 ዲፒ አድርጋችሁ የቀረውን 640 ሁልጊዜ ለ6 ማካፈል ይሻላል፤ ሳጥኑ 106.7 ዲፒ ቋሚ ይሆናል። በአብዛኛው ወር ባዶ የሚቀረውን ስድስተኛ ረድፍ የዚያን ወር በዓላትና አጽዋማት ለመጻፍ ተጠቀሙበት።

ጳጉሜን ለብቻዋ አስቡላት። 5 ቀን ስትሆን ባዶው እስከ 2 ከሆነ አንድ ረድፍ ይበቃታል፤ 6 ቀን ስትሆን እስከ 1። ከዚያ ካለፈ ሁለት ረድፍ ትወስዳለች። በ1 ረድፍ ካካፈላችሁት 640 ዲፒ የሚረዝም ሳጥን ስለሚወጣ የረድፉን ቁጥር ከሚቆጥረው ኮድ ውስጥ ጳጉሜንን አውጡና እሷም በስድስት እንድትካፈል አድርጉ። ስፋቱን ግን አትንኩት፤ ለሪሳይክለር ቪው ግሪድ ሌይአውት ማኔጀር ተዉት። ራሳችሁ በሙሉ ቁጥር ብታካፍሉት 720 ፒክስል ለ7 102 ይመጣና 6 ፒክስል ከቀኝ ጠርዝ ላይ ይተርፋል፤ ማኔጀሩ ያንን ትርፍ ለዓምዶቹ አንድ አንድ እያደረገ ያድላል።